ክረምትን በምርምር ስለ ማሳለፍ፤ ለፊዚክስ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው

«ክረምት የዕረፍት ጊዜ ነው» የሚለው ቃል በተማሪ አፍ ሲነገር ያምራል፤ በገበሬ ጆሮ ግን እንግዳ ነገር ነው። በጎበሳና በመላው የአርሲ ደጋ ትምህርት ቤት የሚዘጋው በሬ በሚጠመድበት ወራት ነው። ስንዴውና ገብሱ የሚዘራው፣ አረሙም የሚነቀለው በዚያው ጊዜ ስለ ሆነ፣ ደብተራችንን ከሰቀልንበት ቀን ጀምሮ እስከ መስከረም ድረስ እጃችን ሥራ አይፈታም። ስለዚህ ለዘንድሮው መጽሔታችን የመረጥሁት አርእስት ለአንዳንዶቻችሁ ቅንጦት መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። አርእስቱም በዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የሚማሩ ወጣቶች የክረምቱን ወራት በምርምር ስለሚያሳልፉበት ዕድል ነው። ነገሩ ምን እንደ ሆነ፣ የት እንደሚገኝ፣ ገንዘቡን ማን እንደሚከፍል፣ ከእኛ ዘንድስ ምን እንደሚፈለግ በተራ ለመግለጽ እሞክራለሁ፤ ቅንጦት መሆን አለመሆኑን ግን አንብባችሁ ስትጨርሱ ፍረዱ።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ አንድ ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ፀሐይ የሚበረታበት የበጋ ወራት ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎቻቸውም የሚዘጉት በዚሁ ጊዜ ነው። እንግዲህ እነርሱ «የበጋ ምርምር» የሚሉት እኛ ጋቢ ተከናንበን ዝናብ በምንሰማበት ወራት የሚደረገውን ነው። በዚህ ጽሑፍ «የክረምት ምርምር» ስል ይህንኑ ማለቴ ነው። ስለ ዘመን አቈጣጠርም የአገራችንን ነገር በዓ.ም.፣ የውጭ አገሩን በእ.ኤ.አ. ጽፌዋለሁ።

የክረምት ምርምር እንዲህ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪውን ገና ያልጨረሰ ተማሪ ለስምንት ወይም ለዐሥር ሳምንት ያህል በአንድ ቤተ ሙከራ ይመደባል። አንድ ተመራማሪ ኃላፊ ይሆንለትና ከትልቁ ሥራ ቈርሶ አንድ ትንሽ ሥራ ይሰጠዋል። ሥራውም አንድ መሣሪያ በትክክል መለካቱን መፈተን፣ የተሰበሰቡ ቍጥሮችን በኮምፒዩተር ማበጠር፣ ወይም አንድ ረጅም ስሌት መሥራት ሊሆን ይችላል። በመጨረሻ ተማሪው የሠራውን ጽፎ ያስረክባል፤ በባልደረቦቹም ፊት ቆሞ ያስረዳል፤ ይጠየቃል፤ ይመልሳል።

ይህ በክፍል ውስጥ ከምናደርገው የሚለየው በአንድ ትልቅ ነገር ነው። በክፍል የምንሠራው ጥያቄ መልሱ በመጽሐፉ መጨረሻ አለ፤ መምህራችንም ያውቁታል። በቤተ ሙከራ የሚነሣው ጥያቄ ግን መልሱን የሚያውቅ ሰው ገና አልተገኘም። ስለዚህ ተማሪው ሌላ ዓይነት ትዕግሥት ይማራል፤ መሣሪያው ሲበላሽ፣ ቍጥሩ ካሰበው ጋር አልስማማ ሲለው፣ ጥፋቱ ከመሣሪያው ይሁን ከሐሳቡ ለይቶ ማወቅን ይለምዳል። ዋና በወንዝ ዳር ቆሞ አይለመድም፤ ምርምርም እንዲሁ ነው።

የዕረፍት ወራት ለፊዚክስ ምን ያህል እንደ ጠቀመ የሚያሳይ አንድ ታሪክ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1912 በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ ማክስ ፎን ላውና ባልደረቦቹ ኤክስሬይ በክሪስታል ውስጥ ሲያልፍ በፎቶግራፍ ሳሕን ላይ በሥርዓት የተደረደሩ ነጠብጣቦች እንደሚተው አሳዩ። ወሬው በእንግሊዝ አገር ለፊዚክስ መምህሩ ለዊልያም ሄንሪ ብራግ ደረሰ። ልጃቸው ዊልያም ሎረንስ ብራግ የ22 ዓመት ወጣት፣ በካምብሪጅም የምርምር ጀማሪ ነበር። ለዕረፍት ከቤተሰቡ ጋር ሳለ አባትና ልጅ ነገሩን አንሥተው ተወያዩበት። ልጁ ወደ ካምብሪጅ ከተመለሰ በኋላ ነጠብጣቦቹ የሚወጡት ኤክስሬዩ በክሪስታሉ ውስጥ ከተነባበሩት የአተም ንጣፎች ላይ እየነጠረ ሲመለስ መሆኑን አስተዋለ፤ ይህንም በአንዲት አጭር ቀመር ገለጸው። ቀመሩ ዛሬ የብራግ ሕግ ይባላል፤ የጨውን፣ የብረትንና የመድኃኒትን ውስጣዊ አሠራር ያወቅነው በዚህ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1915 አባትና ልጅ የኖቤልን ሽልማት አብረው ሲያገኙ ልጁ 25 ዓመቱ ነበር፤ እስከ ዛሬም በፊዚክስ ከእርሱ ያነሰ ዕድሜ ያለው ተሸላሚ የለም። ይህን ያነሣሁት ሁላችንም ብራግ እንሆናለን ለማለት አይደለም። ትኵስ ጥያቄና ነጻ ጊዜ በወጣት እጅ ሲገናኙ ምን ሊሆን እንደሚችል፣ አባትም ከልጁ ጋር ቍጭ ብሎ ቢወያይ ምን ፍሬ እንደሚገኝ ለማሳየት ነው።

«ይህ የፈረንጅ ታሪክ ነው» የሚል ቢኖር ወደ አገራችን እንመለስ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኰሌጅ የተከፈተው በ1943 ዓ.ም. ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የዓለም ሊቃውንት ምድርን፣ ከባቢ አየሯንና ፀሐይን ከየአገሩ በአንድ ጊዜ ለመመርመር ተስማምተው፣ ከሰኔ 1949 እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. ያለውን ጊዜ «ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት» ብለው ሠየሙት። በዚህ ሥራ ኢትዮጵያ ተፈላጊ አገር ሆነች። ምክንያቱን ላስረዳ።

ምድር ራሷ እንደ ታላቅ መግነጢስ ናት። በመካከሉ ተይዞ እንደ ልቡ የሚዞር የመግነጢስ መርፌ ወደ ሰሜን ዋልታ ሲቀርብ አንዱ ጫፉ ወደ መሬት ያዘነብላል፤ ወደ ደቡብ ዋልታ ሲቀርብ ሌላው ጫፉ ያዘነብላል። በመካከል ግን ወደየትም ሳያዘነብል እንደ ሚዛን ተስተካክሎ የሚቆምበት መሥመር አለ፤ ይህም የመግነጢስ ወገብ ይባላል። የምድር ወገብ ከእኛ በስተ ደቡብ በኬንያ በኩል ሲያልፍ፣ የመግነጢስ ወገብ ግን የሚያልፈው በኢትዮጵያ ምድር ላይ ነው። ከዚህም መሥመር በላይ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ በቀን ብርሃን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚጐርፍ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት አለ። ይህን ፍሰት ከመሬት ሆኖ ለመመርመር ከመሥመሩ አጠገብ መገኘት ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ቦታ በዓለም ላይ ጥቂት ነው፤ ውቅያኖሱ ብዙውን ወስዶታልና።

ስለዚህ በኰሌጁ ሥር በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ ተቋቋመ፤ መሥራቹም ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል አባ ፒየር ጉዌን ነበሩ። ከመግነጢስም ሌላ የምድር መንቀጥቀጥ የጣቢያው ዋና ሥራ ሆነ። በግንቦት 1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ ብርቱ የምድር መንቀጥቀጥ ተነሥቶ የማጀቴን ከተማ አፈረሰ። አባ ጉዌን የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የምድር መንቀጥቀጥ ታሪክ ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፍ አወጡት። ያ ጣቢያ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የጠፈር ሳይንስና የሥነ ፈለክ ተቋም ሆኗል።

ይህ ዕውቀት ለእኛ ጌጥ አይደለም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር በዳባሁ በኩል ቅልጥ ዐለት ከመሬት በታች ገብቶ ወደ 60 ኪሎ ሜትር የሚሆን ርዝመት ያለውን ምድር ሰነጠቀ፤ በአንዳንድ ቦታም እስከ 8 ሜትር አራራቀው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የምድር መንቀጥቀጥ ተደጋግሞ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ከቤቱ ተነሣ፤ መንቀጥቀጡም እስከ አዲስ አበባ ተሰማ። ይኸው ስምጥ ሸለቆ በዝዋይና በላንጋኖ በኩል ከአርሲ ተራሮች ግርጌ ያልፋል። ከየጣቢያው የሚመጣውን ምልክት እያነበበ፣ ይህ የመኪና ጩኸት ነው፣ ይህ ግን የምድር መንቀጥቀጥ ነው ብሎ የሚለይ ሰው ያስፈልጋል። ይህን የመሰለው ሥራ አንድ የፊዚክስ ተማሪ በአንድ ክረምት ተምሮ ሊረዳበት የሚችል ነው።

አሁን ደግሞ በውጭ አገር ያለውን ልግለጽ። በስዊስና በፈረንሳይ ድንበር ላይ፣ በጄኔቫ አጠገብ፣ ሰርን የተባለው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት አለ። በዚያ ከመሬት በታች 100 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር የሆነ ዋሻ ተቈፍሮ፣ ፕሮቶን የተባሉት ቅንጣቶች ወደ ብርሃን ፍጥነት ቀርበው እንዲጋጩ ይደረጋል። ይህ ድርጅት ከእ.ኤ.አ. 1962 ጀምሮ የክረምት ተማሪዎችን ይቀበላል። የድርጅቱ አባል ካልሆኑ አገሮች፣ ማለት እንደ ኢትዮጵያ ካሉት የሚመጡም ይወዳደራሉ። የሚቀበላቸው ቢያንስ ሦስት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የጨረሱትን ሲሆን፣ ጊዜውም ከ8 እስከ 13 ሳምንት ነው፤ ለጕዞና ለዕለት ኑሮ የሚሆን ገንዘብ ይሰጣል። ተማሪዎቹ ትምህርት ይሰማሉ፤ ከምርምር ቡድናቸውም ጋር ይሠራሉ።

የሰርንን ሥራ ለአገራችን ሰው ለማስረዳት ከ«ደቦ» የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። የአንዱን ማሳ ለማጨድ ጎረቤት ሁሉ ማጭዱን ይዞ እንደሚወጣ፣ እዚያም ከብዙ አገር የመጡ በሺህ የሚቈጠሩ ሊቃውንት አንዲቱን ሙከራ ተጋግዘው ይሠሯታል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 2012 ሂግስ የተባለው ቅንጣት መገኘቱ የተነገረው እንዲህ ባሉ ሁለት ታላላቅ ቡድኖች ድካም ነው። በደቦ ላይ ልጅም ነዶ ትሸከማለች፤ «አንቺ ትንሽ ነሽ» ተብላ አትመለስም። የክረምት ተማሪም ቦታ እንዲሁ ነው።

ከዚህ ሌላ በጀርመን አገር በሐምቡርግ ያለው ዴዚ የተባለው የምርምር ማእከል ከዓለም ዙሪያ የክረምት ተማሪዎችን ይቀበላል። በጃፓን ደግሞ በኦኪናዋ ደሴት ያለው የሳይንስና የቴክኖሎጂ ተቋም ከየአገሩ ተማሪዎችን ለጥቂት ወራት አስመጥቶ ያሠራል፤ መኖሪያና የዕለት ገንዘብም ይሰጣል። ለአፍሪካውያን በተለይ የተዘጋጀው ግን የአፍሪካ የፊዚክስ ትምህርት ቤት ነው። ይህ በአንድ ቦታ የተተከለ ትምህርት ቤት አይደለም፤ እንደ ተጓዥ ጉባኤ ከአገር ወደ አገር ይዞራል። እ.ኤ.አ. በ2010 በደቡብ አፍሪካ በስቴለንቦሽ ተጀመረ፤ ከዚያም በ2012 በጋና በኩማሲ፣ በ2014 በሴኔጋል በዳካር፣ በ2016 በሩዋንዳ በኪጋሊ፣ በ2018 በናሚቢያ በዊንድሁክ ተደረገ፤ በኋላም ወደ ደቡብ አፍሪካ ተመልሶ፣ በ2024 በሞሮኮ በማራኬሽ ተከናወነ። ከአፍሪካ አገሮች የተመረጡ ወጣቶች ለሳምንታት በአንድነት ይማራሉ።

ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። በአሜሪካ መንግሥት የሳይንስ ድርጅት ገንዘብ የሚካሄደውና በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚገኘው የክረምት ምርምር ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች የተወሰነ ስለ ሆነ፣ ከዚህ ሆኖ ወደዚያ ማመልከት ወረቀት ማባከን ነው። በኢጣሊያ በትሪየስት የሚገኘው፣ ፓኪስታናዊው ሊቅ አብዱስ ሰላም እ.ኤ.አ. በ1964 የመሠረቱት የቲዎሪ ፊዚክስ ማእከል ደግሞ ለታዳጊ አገሮች ወጣቶች የቆመ ነው፤ ነገር ግን የአንድ ዓመቱ የዲፕሎማ ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ለጨረሱት ነው። ስለዚህ ይህኛው ለነገ ይቀመጥ።

በአገር ውስጥስ? እዚህ ላይ የሰማይ ጠባይ አንድ ትምህርት ይሰጠናል። በእንጦጦ ተራራ ላይ በ3,200 ሜትር ከፍታ የመስተዋታቸው ስፋት 1 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ተማሪ የሚፈታው ግን በክረምት ነው፤ በክረምት እንጦጦ በደመና ይሸፈናል። እንግዲህ የአውሮፓን ሥርዓት እንዳለ መቅዳት አይበቃንም፤ በደመና ወራት የሚሠራውንም መፈለግ አለብን። እርሱም አይታጣም። በበጋ የተነሡትን የከዋክብት ምስሎች በክረምት በኮምፒዩተር መመርመር ይቻላል። የዝናብን፣ የመብረቅንና የደመናን ጠባይ ለማጥናት ከክረምት የተሻለ ጊዜ የለም። የምድር መንቀጥቀጥና የመግነጢስ መሣሪያዎችም ደመና አያግዳቸውም። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የላይኛውን ከባቢ አየር የሚመረምር ዋሸራ የተባለ ቤተ ሙከራ አለ። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን የመሬት መመልከቻ ሳተላይት ከቻይና ምድር አስወነጨፈች፤ እንዲህ ያለ ሥራም የሳተላይት ሥዕል የሚያነብ ሰው ይፈልጋል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነ ሰው ወደ እነዚህ ቦታዎች ማስታወቂያ እስኪወጣ ሳይጠብቅ፣ በመምህሩ በኩል ደብዳቤ ጽፎ «በዚህ ክረምት ልረዳችሁ እችላለሁ» ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለበትም። የማይጠይቅ ልጅ ማንም አይፈልገውም።

የማመልከቻው ሥራ እንዴት እንደ ሆነም ላስረዳ። በውጭ አገር ያሉት ብዙዎቹ ማመልከቻ የሚቀበሉት ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ስለ ክረምት የሚታሰበው በመኸር፣ እህሉ ገና በአውድማ ላይ ሳለ ነው፤ በግንቦት የሚነሣ ሰው ዘግይቷል። የሚጠየቀውም አራት ነገር ነው። 1ኛ፣ የትምህርት ውጤት ማስረጃ። 2ኛ፣ ከሚያውቁት መምህራን የድጋፍ ደብዳቤ፤ ይህም የሚያምረው መምህሩ ተማሪውን በሥራ ያየው እንደ ሆነ ነው፤ ሁልጊዜ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ዝም ለሚል ተማሪ መምህሩ ምን ብለው ይጽፋሉ? 3ኛ፣ ለምን እንደሚፈልግ የሚገልጽ የራሱ ደብዳቤ፤ እዚህ ላይ ራስን ማወደስ አይጠቅምም፤ የሠራውን፣ የገረመውንና ሊማር የሚፈልገውን በግልጽ ቃል መናገር ይበቃል። 4ኛ፣ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ዕውቀት። ከዚህም ጋር ኮምፒዩተርን ለስሌት ማዘዝ መቻል ታላቅ ድጋፍ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያም ልጨምር፤ ከላይ የጠቀስኋቸው እንደ ሰርን፣ እንደ ዴዚና እንደ ኦኪናዋ ያሉት ለተማሪው ገንዘብ ይሰጣሉ እንጂ ለማመልከቻ ገንዘብ አይቀበሉም። «ይህን ያህል ብር ላክና ቦታ እይዝልሃለሁ» የሚል ሰው ቢመጣ ከበጉ ሽያጭ አንዲት ሳንቲም አትስጡት።

«እኛ ግን ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነን» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ሆኖም የምርምር ጠባይ በዩኒቨርሲቲ በር ላይ የሚታደል ዕቃ አይደለም። በዚሁ በጎበሳ በመጪው ክረምት ሊሠሩ የሚችሉ ሁለት ነገሮችን ላመልክት።

የመጀመሪያው የውኃ መፍላት ነው። መጽሐፋችን ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል፤ ይህ ግን በባሕር ዳርቻ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቍጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ፣ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይጐድላል። ጎበሳ በ2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለ ሆነች በዚህ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አጠገብ ነው፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ባለው በጭላሎ ራስ ላይ ደግሞ በ87 ዲግሪ አጠገብ ይሆናል። እናቶቻችን በደጋ የባቄላ ንፍሮ ቶሎ አይበስልም የሚሉት ለዚህ ነው፤ ውኃው ይንተከተካል እንጂ ትኵሳቱ ከቈላው ያነሰ ነው። አንዱ በጎበሳ፣ ሌላው በበቆጂ፣ ሦስተኛው ዘመድ ሊጠይቅ ወደ ዝዋይ ሲወርድ በአንድ ቴርሞሜትር ቢለካ፣ መጽሐፉ የሚለውን በራሳችን ምጣድ ላይ እንፈትነዋለን።

ሁለተኛው ረቀቅ ያለ ነው። መጽሐፉ የመሬት ስበት 9.81 ነው ይላል። እኛ ግን ወደ ምድር ወገብ የቀረብን፣ ከባሕርም በብዙ ከፍ ያልን ስለ ሆንን በእኛ ዘንድ ወደ 9.78 ይወርዳል። ልዩነቱ እጅግ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ይያዛል። ርዝመቷ 1 ሜትር በሆነች ቀጭን ክር ላይ ድብልብል ብረት አንጠልጥለን በጥቂቱ ብናወዛውዛት፣ አንድ ምልልስ 2 ሰከንድ ያህል ይፈጅባታል። 300 ምልልስ ብንቈጥር 10 ደቂቃ ያህል ይሆናል፤ በእኛ ምድርና 9.81 ባለበት ምድር መካከል ያለው ልዩነት በዚያ ጊዜ ውስጥ ወደ 1 ሰከንድ ይደርሳል። ክሩን እስከ ብረቱ መካከል በሚሊ ሜትር የለካ፣ ሳይሰለች ደጋግሞ የቈጠረ፣ ያገኘውን ሁሉ ሳይመርጥ የጻፈ ተማሪ መሬት በእኛ አገር ጥቂት ቀለል አድርጋ እንደምትስብ በክርና በሰዓት ያሳያል። እንዲህ ያለውን ደብተር ይዞ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ልጅ ለደብዳቤው የሚጽፈው አያጣም።

ከእንግዲህ ቃሌ ለወላጆች ነው። እኔ የቤታችን የመጀመሪያ ልጅ ነኝ፤ ከበታቼ ሦስት አሉ። በክረምት ውኃ የምቀዳው፣ እንጨት የምለቅመው፣ አባቴ ከእርሻ በስብሰው ሲመለሱ እሳት የማነደው እኔ ነኝ። ይህን የምናገረው ለማማረር አይደለም፤ በአገራችን ቤት ሁሉ እንዲህ ነውና። ነገር ግን አንድ ልጅ «ክረምቱን ለትምህርት ስጡኝ» ስትል ከእናቷ ጕልበት ላይ ብድር መጠየቋ መሆኑን ማወቅ አለባት። እኔም ዘንድሮ ትምህርቴን ስጨርስና ፊዚክስ ልማር ስል ይህን ብድር አስቤዋለሁ። ወንድም ሲሆን ብዙ ጊዜ ይፈቀድለታል፤ እህት ስትሆን ግን «ቤቱስ?» ይባላል። ቤቱ የሁሉም ከሆነ ሥራውም የሁሉም ነው፤ ወንድሞቼም እሳት ማንደድ ይችላሉ።

አጎቴ አንድ ቀን «ልጄ፣ ፊዚክስ ተምረሽ ምን ልትሆኚ ነው? ሐኪም ብትሆኚ አይሻልም?» ብለውኛል። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ መልስ ይገባዋል። ጋሼ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የካንሰር በሽተኛ በጨረር ሲታከም የጨረሩን መጠን የሚያሰላ የፊዚክስ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ሐኪሙም ያለ እርሱ አይሠራም። ከእኛ ተራሮች ግርጌ በአሉቶ ከ2,000 ሜትር በላይ በተቈፈሩ ጕድጓዶች የሚወጣው እንፋሎት ኤሌክትሪክ እንዲሰጥ ተደርጓል፤ በአርሲም ውስጥ በኢተያ አቅራቢያ በቱሉ ሞዬ እንዲሁ ተቈፍሯል። ሙቀቱ ከመሬት በታች የት እንዳለ የሚያመለክተው ፊዚክስ ነው። ዝናብ መቼ እንደሚገባ ለገበሬው የሚነግረው የሜትዎሮሎጂ ሥራም ፊዚክስ ነው። ማስተማርም እንደ ትንሽ ነገር አይቈጠር፤ መምህር ባይኖሩን ይህንንም አንጽፍም ነበር።

መንገዱ ሁልጊዜ ቀጥ ያለ አይደለም። ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር ሲሆኑ በደርግ ዘመን ለዓመታት ታስረዋል። ከተፈቱ በኋላ ወደ ማስተማር ተመልሰው፣ ከዚያም ወደ ህንድ አገር ሄደው በባንጋሎር የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር በአንድሬይ ሳካሮቭ ስም የሚሰጠውን ሽልማት ተቀበሉ። ዕውቀትን አጥብቆ የያዘ ሰው ዕድል ቢዘገይበት እንኳ አይቀርበትም።

ስለዚህ የማሳስበው ሦስት ነገር ነው። ጓደኞቼ ሆይ፣ ይህን ክረምት አንዲት ጥያቄ ያዙ፤ ከእርሻ ስትመለሱ ለክታችሁ ጻፉ። መምህሮቻችን ሆይ፣ በጥቅምት ወር አንድ ቀን ወስዳችሁ ያገኘነውን በክፍል ፊት እንድናስረዳ አድርጉን፤ ዩኒቨርሲቲ ከገቡት የቀድሞ ተማሪዎችም የማመልከቻውን ጊዜ እየጠየቃችሁ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፉልን። ወላጆቻችን ሆይ፣ አንድ ቀን ልጃችሁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኖ ወይም ሆና ወጪዋ የተቻለላት የክረምት ምርምር ብታገኝ፣ ለአረሙ ጎረቤትን በደቦ ጠርታችሁ ልጅቱን ስደዷት። ጎረቤት ለአንድ ቀን ማሳችሁን ቢያርም እናንተም በተራችሁ ታርሙለታላችሁ፤ ልጃችሁም ይዛ የምትመለሰው ዕውቀት ከእናንተ አልፎ ለእነዚያ ደቦ ለወጡት ጎረቤቶች ልጆች ይተርፋል።